ለምጣድ ባለ ስንት ሽቦ ይበቃል? (አዳማ ላይ የተናገርኩት)

ባለፈው እሁድ እዚሁ አዳማ፣ ሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ፣ ለሰፈሩ ሰውና ለጀማሪ ኤሌክትሪሺያን ልጆች ያወራሁትን በጽሑፍ አውጣልን ስላላችሁኝ ይኸው። ከቀረጻው ላይ እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ የተደጋገመውን ቀንሻለሁ። ጥያቄዎቹን ግን መሃል ላይ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ፣ እኔ ካወራሁት ይሻሉ ስለነበር።

እንግዲህ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ በዚህ ሙቀት እሁድ ከሰዓት ስለ ሽቦ ልስማ ብሎ ከቤት መውጣት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ይቺን ዕቃ እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ሶኬት ናት፣ ነጭ ነበረች። አሁን በአንደኛው ቀዳዳ በኩል ቡናማ ሆና ከዛ ጠቁራ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ሰምጧል፣ ብታሸቷት ደግሞ ያ የተበላሸ ዓሳ የሚመስለው ሽታ እስካሁን አለባት። እዚሁ ፍራንኮ ሰፈር ካንድ ቤት ነው ነቅዬ ያመጣኋት። ባለቤቱ "ሶኬቱ ፎርጅድ ሆኖ ነው" አሉኝ። ሶኬቱማ ምን አጠፋ፣ 16 አምፔር ነኝ ብሎ ጀርባው ላይ ጽፏል፣ የተሰካበት ግን ሳምንት ሳምንት ሦስት ሰዓት ሙሉ 17 እና 18 አምፔር የሚጎትት ምጣድ ነው።

ሰው ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ "ለምጣድ ባለ ስንት ሽቦ ልግዛ?" የሚደውለው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነው፣ የሻጩ ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ምጣዱ ስንት ይጎትታል፣ ብሬከሩ ስንት ነው፣ ሽቦው በየት በኩል ነው የሚሄደው እያልኩ ስጠይቅ ይናደዳል፣ "አንተ ዝም ብለህ ቁጥሩን ንገረኝ" ይላል። ቁጥሩን እነግራችኋለሁ፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምጣዱ ውስጥ ባለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም በሚግለው ጠምዛዛ ሽቦ፣ እና ግድግዳ ውስጥ ባለው ሽቦ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ያው 17 አምፔር ሬዚስታንሱ ጋ ሲደርስ እንጀራ ይጋግራል፣ ሽቦው ውስጥ ሲያልፍም በመጠኑ ያሞቀዋል፣ ሳይሞቅ ከረንት የሚያሳልፍ ሽቦ እኛ ቤት የለም። ዋናው ነገር ሙቀቱ መውጫ አገኘ ወይስ ታፈነ የሚለው ነው። ተራው የቤት ሽቦ ልባሱ ፒቪሲ ነው፣ ፒቪሲ ደግሞ ለሥራ የሚታመነው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዛ በላይ ካቆያችሁት እዛው ዕለት ቀልጦ አያስደነግጣችሁም፣ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ አንድ ቀን ጣት ሲነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ሌላው ደግሞ፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። "ትንሽ ብትጨምርበት ምን አለበት" የሚባለው ነገር ለሽቦ አይሰራም።

እሺ፣ ምጣዱ ስንት ይጎትታል? ስቲከር ያለው ካለ እሰየው፣ ግን ሰፈር ውስጥ የተሰራው አብዛኛው ምጣድ ምንም አልተጻፈበትም። ልጆች፣ እናንተ መልቲሜትር አላችሁ፣ ምጣዱን ከሶኬት ንቀሉና የገመዱን ሁለት ጫፍ በኦም ለኩት። ትናንት እህቴ ቤት የለካሁት 13 ኦም ነው። 220ን ለ13 ስታካፍሉ 16.9 አምፔር ይመጣል፣ እሱን በ220 ስታባዙ 3,700 ዋት አካባቢ። 12 ኦም ቢሆን 18.3 አምፔር፣ ከ4 ኪሎ ዋት ትንሽ ከፍ ይላል። እዚህ ጋ አንዱ ልጅ "ግን እኮ ቀዝቃዛውን ነው የለካነው፣ ሲግል አይቀየርም ወይ?" አለኝ፣ ጎበዝ። አምፖል ቢሆን እውነትህን ነው፣ የድሮው አምፖል ክር ሲበራ ኦሙ ከአስር እጥፍ በላይ ይወጣል። የምጣድ ሬዚስታንስ ግን ኒክሮም ወይ እሱን የመሰለ ቅይጥ ነው፣ ቢግልም ብዙ አይለወጥም፣ ለኛ ሥራ የቀዝቃዛው ልክ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሬዚስታንሱ ሲበጠስ ምን እናደርጋለን? ጫፉን እንቆርጥና ጠምዝዘን እንቀጥለዋለን፣ አይደል? በቆረጣችሁ ቁጥር ሬዚስታንሱ ያጥራል፣ ኦሙ ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል። 13 የነበረው ሦስት አራት ጊዜ ተጠግኖ 11 ላይ ቢደርስ ምጣዱ አሁን 20 አምፔር ነው የሚጎትተው። "ከተጠገነ ወዲህ እንዴት ያለ ጉልበት አገኘ መሰለህ" ትላላችሁ፣ አዎ አግኝቷል፣ ጉልበቱን ግን የተሸከመው ያው የድሮው ሽቦ ነው።

አሁን ወደ ብሬከር። ይሄን በራሴ ጥፋት ነው የማስረዳው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት "ብሬከሩ እየወደቀ አላጋግር አለኝ" ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ፣ ባለ 20 ነው፣ ከምጣዱ ጋር የውሃ ማፍያውም እዛው መስመር ላይ ነው፣ ይወድቃል በርግጥ። እኔ ምን አደረግኩ፣ ባለ 20ውን ነቅዬ ባለ 32 አስገባሁላቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። መረቁኝ፣ ቡና ጠጣሁ፣ እንጀራም ጠቅልለው ሰጡኝ። በአራተኛው ወር ከኮርኒሱ ጭስ ወጣ ብለው ደወሉ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኮርኒሱን ከፍቼ ሽቦውን ስስበው ባለ 2.5 (የመዳቡ ስፋት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) ነው፣ ፌዙና ኒውትራሉ ልባሳቸው ተጣብቆ አንድ ሆኗል፣ በፒንሳ ነው ያላቀቅኳቸው። ያቺን እንጀራ እስከዛሬ አስታውሳታለሁ።

ብሬከር የሽቦ ዘበኛ ነው። ምጣዱ ቢበላሽ ባይበላሽ ግድ አይሰጠውም፣ የተቀጠረው ከኋላው ያለው ሽቦ ከአቅሙ በላይ እንዳይሸከም ነው። ደግሞ ባለ 20 ማለት 20 ሲሞላ ይቆርጣል ማለት እንዳይመስላችሁ። የቤት ብሬከር በሚሠራበት ስታንዳርድ 1.13 እጥፉን፣ ማለትም 22 አምፔር ከምናምን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሸክሞ መቆረጥ የለበትም፣ 1.45 እጥፍ ማለትም 29 ሲደርስ ነው በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ የሚቆርጠው። ይሄን በባለ 32 አስቡት፣ 36 አምፔር ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ 46ን እስከ አንድ ሰዓት ሊታገስ ይችላል። ከኋላው ባለ 2.5 ሽቦ ካለ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው። ስለዚ ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ ምጣዱ የሚጎትተው ይታወቃል፣ ብሬከሩ ከሱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሽቦው ደግሞ ባለበት ቦታ የመሸከም አቅሙ ከብሬከሩ ማነስ የለበትም። "ባለበት ቦታ" ያልኩትን ያዙልኝ።

ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ "ባለ 2.5 እኮ 24 አምፔር ይችላል" ይሏችኋል፣ እውነትም ነው፣ ግድግዳ ላይ በኮንዲዊት (ሽቦ በሚያልፍበት ቱቦ) ሲሄድ፣ ብቻውን ሲሆን፣ አካባቢው 30 ዲግሪ ሲሆን። የሽቦ አቅም የሚታይበት ሠንጠረዥ የተሠራው እንደዛ ነው። ባለ 4 ሲሆን 32፣ ባለ 6 ሲሆን 41። አሁን ሽቦውን አንሱና አዳማ ቤት ኮርኒስ ላይ አስቀምጡት። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ኮርኒስ፣ መሃሉ ላይ አየር አይንቀሳቀስም፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ በቀኑ ስምንት ሰዓት እዛ የወጣ ያውቀዋል፣ ድስት ውስጥ እንደመግባት ነው። 50 ዲግሪ ብለን እንያዝ። ለ50 ዲግሪ የፒቪሲ ማባዣው፣ የሠንጠረዡ አቅም የሚቀነስበት ቁጥር ማለት ነው፣ 0.71 ነው። 24 በ0.71፣ 17 ሆነ። በቃ፣ ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ባለ 20 ብሬከር ማድረግ አትችሉም፣ ምጣዱ ራሱ አፍ አፉ ላይ ነው ያለው። እዛው ኮንዲዊት ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ያለ መስመር አብሮ ካለፈ ደግሞ እንደገና በ0.8 ይባዛል፣ ወደ 13 ከግማሽ ይወርዳል። ባለ 4ቱም ቢሆን 22.7 ነበር፣ ከሌላ መስመር ጋር ሲሆን 18 ይገባል፣ ለባለ 20 ብሬከር አይበቃም። ባለ 6 ነው 23 ይዞ የሚተርፈው።

እዚህ ጋ ከኋላ አንድ እናት እጃቸውን አወጡ፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ ናቸው። "ልጄ፣ እኔ የምጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ያኔ ቆርቆሮው እንደ በረዶ ነው፣ ያንተ 50 ዲግሪ ከየት መጣ?" አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ ግን ለመመለስ ትንሽ አሰብኩ፣ ልክ ናቸው እኮ። "እትዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚጨርሱት?" አልኳቸው። "አራት፣ አንዳንዴ ለሠርግ ሲታዘዝ ስምንት።" እንግዲህ መልሱ እዛው ውስጥ ነው፣ ሽቦ የሚመረጠው ለሠርጉ ቀን ነው። ሌሊት ምንም አይሆንም፣ ቀጭን ሽቦ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል እንጂ የሌሊቱን ቅዝቃዜ አጠራቅሞ እስከ ስምንት ሰዓት አያቆይም።

ደሞ ወፍራም ሽቦ ከመግዛት በፊት መንገዱን መቀየር አስቡ። ሽቦውን ከኮርኒሱ አውርዱትና ጥላ ባለው ግድግዳ ላይ ውሰዱት፣ 35 ዲግሪ ብንል ማባዣው 0.94 ነው፣ ባለ 4 ሽቦ 30 አምፔር ይሸከማል። ያው ሽቦ እኮ ነው! ኮርኒስ ላይ ስለማይታይ ያምራል የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ለሳሎን አምፖል ተዉት። እንግዲህ ቁጥር ቁጥር ላላችሁኝ፣ ለአንድ የቤት ምጣድ የኔ መልስ፣ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ፣ ከፓኔሉ (ከብሬከሮቹ ሳጥን) ተነስቶ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ፣ በግድግዳ፣ በባለ 20 ብሬከር። ሶኬቱን ተዉትና በባለ 32 ባለ ሁለት ፖል (ፌዙንም ኒውትራሉንም ባንዴ በሚቆርጥ) ማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ እሰሩት፣ ወይ መንቀል ከፈለጋችሁ ያቺን ሰማያዊ ክብ የኢንዱስትሪ ሶኬት፣ ባለ 32ቷን። ግራውንዱም አብሮ ይሂድ፣ ሊጥ የሚንጠባጠብበት፣ ወለሉ እርጥብ የሆነ ቦታ ነው፣ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከርም፣ ከረንት ወደ ሰው ወይ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው፣ ቢኖር እሰየው።

ርቀት። ማድ ቤቱ ከጓሮ የሆነባችሁ ይሄን ስሙ። ከፓኔሉ 25 ሜትር ብንል፣ 17 አምፔር በባለ 1.5 ሽቦ ሲሄድ ወደ 12 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 2.5 ሰባት ተኩል፣ በባለ 4 አምስት አይሞላም። 12 ቮልት ምን አላት ትላላችሁ፣ የምጣድ ጉልበት ግን በቮልቴጁ ስኩዌር ነው የሚሄደው፣ 220 መጥቶ 208 ከደረሰው ከመቶ 11 ጉልበቱን አጣ። ማታ ማታ ደግሞ መስመሩ ራሱ 200 ላይ ወርዶ ቢገኝ፣ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 188 ነው፣ ከመቶ 27 ሄደ። እንጀራው አይን አያወጣም፣ ይጣበቃል፣ ከዛ እርሾው ነው፣ አብሲቱ ቀጥኖ ነው፣ ጤፉ ተቀላቅሎበት ነው እያላችሁ ትጣላላችሁ። እኔ ራሴ ባለቤቴን በሊጥ ወቅሻት በኋላ ጥፋቱ ከጎረቤት በተጎተተ ቀጭን ኤክስቴንሽን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እዚህ ስላለች ነው ደግሜ የምጠይቃት። ያ የቀረው 12 ቮልት ደግሞ የትም አልጠፋም፣ 200 ዋት ሆኖ እዛው ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኗል። ከቆጣሪው ላይ ከፍላችሁበታል።

አንዳንዴ ሳስበው ይገርመኛል፣ ከዚህ ከተማ ዳር ኮረብታው ላይ የሚዞሩት የንፋስ ተርባይኖች፣ እ.ኤ.አ በ2012 እና በ2015 የተጠናቀቁት፣ ሁለቱ ባንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ናቸው። በደንብ በነፈሰ ቀን 51,000 ባለ 4 ኪሎ ዋት ምጣድ ባንዴ ያግላሉ፣ በወረቀት ማለቴ ነው። ያ ሁሉ መጥቶ ጓሮ ያለ ባለ 1.5 ገመድ ላይ ይጨናነቃል።

ስለ ኦቨን የጠየቀ ነበር፣ አራት ምድጃና ኦቨን ያለው፣ ጠቅላላ 10 ኪሎ ዋት የሚል። በ220 ሲካፈል 45 አምፔር ይመጣና ሰው ይደነግጣል። እንግሊዞች ለዚህ የቆየ ሕግ አላቸው፣ የመጀመሪያውን 10 አምፔር ሙሉ ቁጠር፣ ከቀሪው ከመቶ 30ውን ብቻ ደምር፣ የማብሪያው ሰሌዳ ላይ ሶኬት ካለ 5 ጨምር። ለዚህ 20.6 ወይ ከሶኬት ጋር 25.6 ይሆናል፣ እዛ አገር ብዙ ቤት ባለ 6 ሽቦ በባለ 32 ብሬከር የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ይሠራል፣ ምክንያቱም አራቱም ምድጃ ባንዴ አይበራም፣ የበራውም በቴርሞስታት ይጠፋል ይበራል። ግን ይሄን ሕግ ለምጣድ እንዳትጠቀሙበት! ልጆች፣ ይሄን ስሙኝ። አብዛኛው ምጣዳችን ቴርሞስታት የለውም፣ ከተለኮሰ ጀምሮ የመጨረሻው እንጀራ እስኪወጣ ሙሉ 17 አምፔሩን ይጎትታል። ምጣድ ላይ ቅናሽ የለም።

ሱቅ ስትሄዱ። ባለ 4 ማለት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ማለት አይደለም፣ መዳቡ ሲቆረጥ የሚታየው ስፋት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ነጠላ ዘንግ ከሆነ ውፍረቱ 2.2 ሚሊ ሜትር ምናምን ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ሻጮች አይወዱልኝም። ጥቅልሉን ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ፣ ጎረቤቱ ካለው እህል ቤት። 100 ሜትር ባለ 4 ሽቦ መዳቡ ብቻውን ወደ 3 ኪሎ ተኩል ነው፣ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር። ጥቅልሉ በሙሉ 3 ኪሎ የማይሞላ ከሆነ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ መዳቡ ቀጥኗል፣ ወይ ደግሞ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፣ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መልሱለት። ማግኔት አምጥቶ የሚሞክር አይቻለሁ፣ አይረዳም፣ ማግኔት መዳብንም አሉሚኒየምንም አይስብም።

የመጨረሻው መገጣጠሚያ ነው፣ የቅድሟን ሶኬት መልሱልኝ እስቲ። ሽቦው ምንም ቢወፍር ብሎኑ ከላላ ዋጋ የለውም። የላላ ብሎን 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጥር፣ 17 በ17 በ0.1፣ ወደ 29 ዋት። የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ ማለት ነው፣ ስካቶላ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተሰክቶ የተረሳ። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለምጣድ መስመር አይሆንም፣ ከተቻለ ከፓኔል እስከ ምጣድ ሳይቆረጥ ይሂድ፣ ካልተቻለ በሞርሴቶ (ሽቦ በብሎን በሚያያዝበት መገጣጠሚያ) በደንብ ይጥበቅ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ካቻቢቴ ይዛችሁ ተመለሱበት።

እኚያ እናት በመጨረሻ እንደገና ተነሱ፣ "እኔ ሦስት ምጣድ ነው ያለኝ" ብለው። ሦስቱ 51 አምፔር ነው፣ "እትዬ፣ ከሽቦው በፊት ቆጣሪዎ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ አምፔር እንይ፣ ካልቻለ ወይ ሁለቱን ብቻ ባንዴ ያበራሉ ወይ ሦስት ፌዝ ያመለክታሉ፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር" አልኳቸው። "ከመናገር መጥተህ አታየውም?" አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ሦስቱም ምጣድ ባንድ ባለ 4 መስመር ላይ ናቸው፣ በኮርኒስ፣ ብሬከሩ ባለ 40። ስካቶላውን ስከፍት ናስትሮው ቀልጦ እጄ ላይ ተጣበቀ፣ በጋዝ ነው ያስለቀቅኩት። ለጊዜው ባለ 20 አስገብቼ አንዱን ምጣድ ብቻ፣ እሱንም ሌሊት ሌሊት፣ እንዲጠቀሙ ነገርኳቸው፣ አኮረፉኝ፣ ቡናም አልቀረበም። ረቡዕ ሦስት መስመር ባለ 6 በግድግዳ አወረድኩላቸው፣ ለያንዳንዱ 14 ሜትር ነው የፈጀው፣ ቆጣሪው ጉዳይ ገና ስላልተፈታ አሁን የሚሠሩት በሁለቱ ነው።